ሳይሮጡ መታጠቅ

ሳምንታዊ የሬዲዮ ትምህርታዊ ዝግጅት፤ ለኮሌጅና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና አቅራቢው ሲጀምር ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ ወረቀትና እስክሪብቶ በቅርባችሁ ካለ ያዙ። ከሌለም ግድ የለም፤ የምናወራው በጆሮ የሚያዝ ነገር ነው።

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። መምህራችሁ "በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ገጽ ድርሰት ጽፋችሁ አምጡ" አሉ እንበል። መጀመሪያ የምታደርጉት ምንድን ነው?

(ለአፍታ ዝምታ)

ብዙዎቻችን የምናደርገውን እኔ ልንገራችሁ። እስከ ዋዜማው እንቆያለን። ማታ ነጭ ወረቀት ፊታችን እናስቀምጥና ከላይ ርእሱን ጽፈን እናሰምርበታለን። ከዚያ "መግቢያ" እንላለን። ከዚያማ ቁጭ ነው! የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አልመጣም ይላል። እንጽፋለን፣ እንሰርዛለን፣ ወረቀቱን ጨምድደን እንጥላለን። በመጨረሻም ከእንቅልፍ ጋር እየታገልን ያገኘነውን ሞልተን እናስረክባለን።

እኔም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያ ድርሰቴን የጻፍኩት እንዲሁ ነበር። ርእሱ "የትምህርት ጥቅም" ነው። መምህሬ ሲመልሱልኝ በጠርዙ ላይ በቀይ አንዲት ጥያቄ ጽፈውበት አገኘሁ፤ "ይህን ለማን ነው የምትነግረው?" የምትል። መልስ አልነበረኝም። ለማንም አልነበረም የጻፍኩት። ያቺ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አልተለየችኝም፤ የዛሬው ዝግጅታችንም የተወለደው ከእርሷ ነው።

አበው "ሲሮጡ የታጠቁት፣ ሲሮጡ ይፈታል" ይላሉ። በዋዜማው ሌሊት የተጻፈ ድርሰት እየሮጡ እንደታጠቁት መቀነት ነው፤ መምህሩ ሁለት ጥያቄ ሲጠይቁበት ይፈታል። ስለዚህ የዛሬውን ዋና ነገር ከወዲሁ ያዙልኝ፤ አብዛኛው ድርሰት የሚበላሸው ገና ሳይጻፍ ነው። የሚቃናውም ገና ሳይጻፍ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ዛሬ ሁለት ነገሮችን አጣምረን እናያለን። አንደኛው ሪቶሪክ ነው፤ ሰውን በንግግርና በጽሑፍ የማሳመን ጥበብ። ሁለተኛው ቅድመ ጽሕፈት ነው፤ ብዕር ወረቀት ላይ ከማረፉ በፊት የሚሠራው ሥራ።

ሪቶሪክ ሲባል ባዶ የቃላት ጋጋታ የሚመስለው ሰው አለ። ይህ ለጥበቡ የሚገባው ስም አይደለም። እኛ ይህን ጥበብ ከጥንት እናውቀዋለን። በቀድሞው ሙግት፣ በላ ልበልሃ በሚባለው ክርክር፣ ተሟጋች ዳኛ ፊት ቆሞ ነገሩን በምሳሌ እያዋዛ፣ በጥያቄ እያጠመደ ይሟገት ነበር። "ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል" የሚለው ተረታችን የዚያ ዓለም ሰዎች የሚያውቁትን ይነግረናል። እውነት በእጅህ ቢኖርም አያያዙን ካላወቅህበት ይቀደድብሃል።

በግሪክ ምድር፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ ፈላስፋው አርስቶትል ስለዚህ ጥበብ መጽሐፍ ጻፈ። እርሱ እንደሚለው ሪቶሪክ በእያንዳንዱ ጉዳይ ሰውን ለማሳመን ምን መንገድ እንዳለ የማየት ችሎታ ነው። የማየት! ልብ በሉልኝ፤ ከመናገር በፊት ማየት አለ።

አርስቶትል ሦስት የማሳመኛ መንገዶችን ለየ። ስማቸው ኤቶስ፣ ፓቶስ፣ ሎጎስ ነው። ስሙ አያስፈራችሁ፤ ሦስቱንም በየቀኑ ትጠቀሙባቸዋላችሁ። እንዴት? አንድ ተማሪ የማስረከቢያ ቀን እንዲራዘምለት መምህሩን ሲለምን እንስማው።

አንባቢ፦ "መምህር፣ እስከ ዛሬ አንድም አሳይመንት አሳልፌ አላውቅም። በዚህ ሳምንት ግን እናቴ ታማ ሆስፒታል ሳስታምም ሰነበትኩ። ከሦስቱ ክፍሎች ሁለቱን ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ አንዱ ስለሆነ ሁለት ቀን ይበቃኛል።"

አቅራቢ፦ ሰማችሁት? "አሳልፌ አላውቅም" ሲል ሊታመን የሚገባው ሰው መሆኑን አሳየ፤ ይህ ኤቶስ ነው፣ የተናጋሪው ታማኝነት። "እናቴ ታማ" ሲል የመምህሩን ልብ ነካ፤ ይህ ፓቶስ ነው፣ የአድማጭ ስሜት። "ሁለቱን ጨርሻለሁ፤ ሁለት ቀን ይበቃኛል" ሲል ምክንያት አቀረበ፤ ይህ ሎጎስ ነው፣ አመክንዮ።

እንድገመው። ኤቶስ፣ ለምን ያምኑኛል? ፓቶስ፣ ምን ይሰማቸዋል? ሎጎስ፣ ምክንያቴ ምንድን ነው? ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ነገሩ ያነክሳል።

ከአርስቶትል በኋላ በሮም ሲሴሮ የሚባል ታላቅ ተሟጋች ተነሣ። ገና በወጣትነቱ በጻፈው መጽሐፍ የንግግርን ሥራ በአምስት ከፍሎ አስቀመጠው። የመጀመሪያው የሚባለውን መፈለግና ማግኘት ነው። ሁለተኛው ያገኙትን በቅደም ተከተል ማደራጀት። ሦስተኛው በጥሩ ቃል ማልበስ። አራተኛው በቃል መያዝ። አምስተኛው በድምፅና በአካል ማቅረብ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ማታ ነጭ ወረቀት ይዘን ስንቀመጥ ከስንተኛው ነው የምንጀምረው?

(ለአፍታ ዝምታ)

ከሦስተኛው! ልብሱን እንሰፋለን፤ የሚለብሰው ሰው ግን ገና አልመጣም። "የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንቢ አለኝ" የምንለው ለዚህ ነው። ቃል ያጠረን ይመስለናል፤ ያልተገኘው ግን ሐሳቡ ነው።

(አጭር ሙዚቃ፤ የበገና ድምፅ)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ቅድመ ጽሕፈት እንለፍ። ይህን ነገር በእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ብቻ የሚገኝ አድርጋችሁ እንዳታዩት። ወደ ቅኔ ቤት ልውሰዳችሁ።

የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ ዘንድ ትምህርቱን ሰምቶ ይወጣል። ደበሎውን ለብሶ ከሰው ይለያል። አንዱ ዛፍ ሥር፣ ሌላው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ ወረቀት በእጁ የለም። በዝምታ ቃሉን ይመዝናል፣ ምሥጢሩን ከምሥጢር ያጋጥማል፣ ይጥላል፣ ያነሣል። ይህን ሥራ ቅኔ መቁጠር ይሉታል። የሚጀምረውም ጉባኤ ቃና ከሚባለው፣ ሁለት ቤት ብቻ ካለው አጭር ቅኔ ነው። ቆጥሮ ሲጨርስ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙታል። ሁለት ስንኝ ለመናገር ስንት ሰዓት ዝምታ!

እንግዲህ በአሜሪካ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ ጎርደን ሮማን የሚባል መምህር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ስለ ቅድመ ጽሕፈት አንድ ጽሑፍ አሳተመ። መነሻ ሐሳቡ ቀላል ነበር። ለተማሪ ያለቀለት ጥሩ ድርሰት ብናሳየው ድርሰቱ እንዴት እንደተሠራ አያይም፤ ስለዚህ ከጽሑፉ በፊት ያለውን አስተሳሰብ ማስተማር አለብን አለ። ለተማሪዎቹ የሰጣቸው ልምምዶችም ሦስት ነበሩ፤ የግል ማስታወሻ መጻፍ፣ በአንድ ነገር ላይ በጥሞና ማሰላሰል፣ ነገርን ከነገር ማመሳሰል። ዝምታውም ማመሳሰሉም ለቅኔ ቤት ልጅ እንግዳ አይሆኑበትም።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ተግባሩ። አራት ቃላት ላስይዛችሁ። ማፍሰስ። ማገናኘት። መጠየቅ። መወሰን። አብራችሁኝ በሉ፤ ማፍሰስ፣ ማገናኘት፣ መጠየቅ፣ መወሰን።

በምሳሌ እንሂድ። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እናስብ። "በግቢያችሁ ስላለ አንድ ችግር አመዛዛኝ ድርሰት ጻፉ" ተብላለች። ምን ትጻፍ?

የመጀመሪያው እርምጃ ማፍሰስ ነው። አሜሪካዊው መምህር ፒተር ኤልቦ በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ባሳተመው "ያለ መምህር መጻፍ" በተባለው መጽሐፉ ይህን ልምምድ በሰፊው አስተዋውቋል። ደንቡ አጭር ነው። 10 ደቂቃ ያዙ። እጃችሁ አይቁም። አትሰርዙ። ፊደል አታርሙ። የምትጽፉት ከጠፋችሁ "ምንም አልመጣልኝም" ብላችሁ ጻፉ፤ ብቻ አትቁሙ። ተማሪያችን የጻፈችውን እንስማ።

(የእስክሪብቶ ድምፅ በወረቀት ላይ)

አንባቢ፦ "ላይብረሪ ገብቼ ቦታ አጣሁ። ወንበሩ ባዶ ነው፤ ግን ደብተር ተቀምጦበታል። የደብተሩ ባለቤት የለም። ምንም አልመጣልኝም፣ ምንም አልመጣልኝም። ከምሳ በፊት የተቀመጠው ደብተር ዘጠኝ ሰዓትም እዚያው ነው። ራስ ወዳዶች። መቀጣት አለባቸው። ቆሜ አነበብኩ፣ እግሬን አመመኝ። ትናንት ግን እኔም ሻርፔን ወንበር ላይ ጥዬ ሻይ ልጠጣ ወጥቼ ነበር። ስንት ደቂቃ ቆየሁ? እንጃ።"

አቅራቢ፦ ዓረፍተ ነገሮቹ የተበታተኑ ናቸው። ይሁኑ። ይህን ወረቀት መምህሩ አያዩትም። ነገር ግን መጨረሻውን አስተዋላችሁ? ስትጀምር ሌሎችን ትከስ ነበር፤ ስትጨርስ ራሷን ከተከሳሾቹ መካከል አገኘችው። አስባ አስባ ብትጽፍ ይህችን ሻርፕ ትደብቃት ነበር። እጇ ስላልቆመ ግን እውነቱ አመለጣት። ማፍሰስ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ማገናኘት ነው። ወረቀት መሐል ላይ ክብ ሥሩና በውስጡ ዋናውን ነገር ጻፉ። ከክቡ እንደ ሸረሪት ድር መስመር እያወጣችሁ የሚመጣላችሁን ሐሳብ ሁሉ ዙሪያውን ጻፉ። ተማሪያችን መሐል ላይ "ባለቤት የሌለው ደብተር" ብላ ጻፈች። በአንድ በኩል "ለምን ይቀመጣል?" ብላ ምሳ፣ ክፍል፣ ለጓደኛ ቦታ መያዝ እያለች ዘረዘረች። በሌላ በኩል "ማን ይጎዳል?" ብላ ጠዋት ሙሉ ክፍል የነበራቸውን ተማሪዎች፣ ከከተማ የሚመላለሱትን ጻፈች። ከዚያ ሁለቱን ወገኖች በመስመር አገናኘቻቸው። ለምን? ዛሬ ቦታ የያዘው ነገ ቦታ የሚያጣው ያው ሰው ነውና። ማክሰኞ ጠዋት ደብተር ያስቀምጣል፤ ረቡዕ ከሰዓት ቆሞ ያነባል።

ሦስተኛው መጠየቅ ነው። ማን? ምን? መቼ? የት? ለምን? እንዴት? እነዚህ ስድስት ጥያቄዎች ያረጁ ናቸው፤ የሚያገለግሉትም ስለቆዩ ነው። ግን ለራሳችሁ ብቻ አትጠይቁ። ተነሡና ሰው ጠይቁ! ተማሪያችን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ሄደች።

አንባቢ፦ "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ባለቤቱ የሌለ ደብተር ሲያዩ አያነሡትም?"

"ልጄ፣ ባነሣው 'ዕቃዬ ጠፋ' ተብዬ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ደንብ በሌለበት በምን ሥልጣን ላንሣ?"

አቅራቢ፦ ከዚህች አጭር ንግግር ምን አገኘች? እስከ አሁን ጥፋቱን የተማሪ ጠባይ ላይ ብቻ ነበር የምትፈልገው። የሠራተኛው መልስ ግን ደንብ አለመኖሩን ነገራት። ማንም ዕቃ ለማንሣት አይደፍርም፤ ቢነሣም የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ድርሰቷ እዚህ ጋ አቅጣጫውን ለወጠ። እስከዚህ ድረስ አንድም መግቢያ አልጻፈችም፤ የምትለው ነገር ግን አግኝታለች።

አራተኛው መወሰን ነው፤ ከሁሉም የሚከብደውም እርሱ ነው። ሁለት ነገር ትወስናላችሁ። ለማን ነው የምናገረው? ምን እንዲያደርግ ነው የምፈልገው?

ተማሪያችን ደብተር ለሚያስቀምጡት ተማሪዎች ብትጽፍ ኅሊናቸውን ነው የምትማፀነው። ለተማሪዎች ኅብረት ብትጽፍ ጉዳዩን እንዲያነሣላት ነው የምትጠይቀው። ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ብትጽፍ ደንብ እንዲያወጡ ነው። አድማጩ ሲለወጥ ምሳሌው፣ ቃናው፣ ማስረጃውም ይለወጣል። እርሷ ኃላፊውን መረጠች። ከዚያም ዋና ሐሳቧን በአንድ ዓረፍተ ነገር አሰረችው።

አንባቢ፦ "ባለቤቱ በ30 ደቂቃ ውስጥ ያልተመለሰበት ወንበር ለሌላ ተማሪ እንዲሰጥ፣ የተነሣውም ዕቃ በአንድ መደርደሪያ እንዲጠበቅ ደንብ ቢወጣ፣ ቦታ የሚይዘውም ቦታ የሚያጣውም ይጠቀማል።"

አቅራቢ፦ ይህን ከእኔ "የትምህርት ጥቅም" ጋር አወዳድሩት። "ትምህርት ይጠቅማል" ስል ማን ይቃወመኛል? ማንም! ማንም ካልተቃወመኝ ታዲያ ማንን ላሳምን ነው የምጽፈው? አንድ መፈተኛ ልስጣችሁ። ዋና ሐሳባችሁን ጻፉና "አንድ አስተዋይ ሰው ይህን አይሆንም ሊለኝ ይችላል?" ብላችሁ ጠይቁ። ከቻለ፣ የሚያከራክር ሐሳብ በእጃችሁ አለ። ካልቻለ፣ ገና ርእስ ላይ ናችሁ።

የተማሪያችንን ሐሳብ "አይሆንም" የሚል አለ? አለ እንጂ። "ምሳ ቤት ያለው ሰልፍ ብቻውን 30 ደቂቃ ይፈጃል" የሚላት ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ምናልባት የምሳ ሰዓት የተለየ ደንብ ያስፈልገዋል። ይህን ተቃውሞ ከመጻፏ በፊት ካሰበችበት በድርሰቷ ውስጥ ራሷ አንሥታ ትመልሰዋለች። በላ ልበልሃ የሚችል ተሟጋች የባላጋራውን ነገር ቀድሞ ያስባል።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን ሪቶሪክና ቅድመ ጽሕፈት ይገናኛሉ። ሦስቱን የአርስቶትል ጥያቄዎች በሰበሰበችው ላይ እንጠይቅ።

ለምን ያምኗታል? "እኔም ሻርፔን ጥዬ ወጥቻለሁ" ብላ ስለምትናገር። ጥፋቷን የምታምን ሰው ፍርዷም ይታመናል። ምን ይሰማቸዋል? እግሯን እያመማት ቆማ ስታነብ፣ አጠገቧ ያለ ባዶ ወንበር ይታያቸዋል። ምክንያቷ ምንድን ነው? የሠራተኛው ቃል፤ ደንብ ከሌለ ማንም አያነሣም።

ይህ ሲያልቅ አስተዋጽኦ ትነድፋለች። ረጅም አይደለም፤ አራት መስመር ይበቃታል። በመጀመሪያ ያየችው ነገር። ቀጥሎ ችግሩ የሚደጋገምበት ምክንያት። ቀጥሎ ተቃውሞውና መልሱ። በመጨረሻም የምትጠይቀው ደንብ። መጻፍ የምትጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንቢ ይላታል? እንቢ ቢላት ከሁለተኛው ክፍል ትጀምራለች፤ ምን እንደምትል ታውቃለችና።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪን የሚያስቸግረውን ነገር ላንሣ። በኮሌጅ አብዛኛውን ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነው የምንጽፈው። ብዙዎቻችሁ "ሐሳቡ አለኝ፤ እንግሊዝኛው ነው የሚይዘኝ" ትላላችሁ። እንግዲያውስ ማፍሰሱን፣ ማገናኘቱን፣ መጠየቁን በምታልሙበት ቋንቋ ሥሩት። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛ፣ በሶማልኛ ይሁን፤ ማንም አይከለክላችሁም። ሐሳብ መፈለግና ባዕድ ቋንቋ መፈለግ በአንድ ጊዜ ሲሆኑ ሁለቱም ያመልጣሉ። ብቻ አንድ ጥንቃቄ አድርጉ። ስትጽፉ ማስታወሻውን ቃል በቃል አትተርጉሙት። አስተዋጽኦውን ብቻ ፊታችሁ አድርጉና በእንግሊዝኛ እንደ አዲስ ተናገሩት።

ሌላም ነገር አለ። በዋዜማው ሌሊት የጨነቀው ተማሪ ከኢንተርኔት ገልብጦ ያስረክባል። ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ብዙ ጊዜ የራሱ የሆነ የሚለው ነገር ስላላገኘ ነው። ስለ ባለቤት አልባው ደብተርና ስለ ሻርፗ የጻፈችው ልጅ ግን ከማን ትገለብጣለች? ያየችውን ያየችው እርሷ ናት።

"ጊዜ የለንም" ትሉኝ ይሆናል። ፈተና ላይ 40 ደቂቃ ብቻ ቢኖራችሁ፣ የመጀመሪያውን አምስት ደቂቃ ለእነዚህ አራት ሥራዎች ስጡ። ከፈተና ወረቀቱ ጀርባ ሁለት ደቂቃ አፍስሱ፤ በቀረው አገናኙ፣ ጠይቁ፣ ወስኑ። ጓደኛችሁ መጻፍ ሲጀምር እያያችሁ አትደንግጡ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

እነዚህ አራቱ እንደ መሰላል አንዴ የሚወጡ አይደሉም። ስትጠይቁ አዲስ ነገር ከመጣ ተመልሳችሁ አፍስሱ። ጽፋችሁ መሐል ላይ ከጨለመባችሁም እንዲሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ እናጠቃልል። የመጀመሪያው? ማፍሰስ፤ እጅ ሳይቆም፣ ሳይሰርዙ። ሁለተኛው? ማገናኘት፤ ነገሩን መሐል አድርጎ ዙሪያውን መዘርጋት። ሦስተኛው? መጠየቅ፤ ራስንም ሰውንም። አራተኛው? መወሰን፤ ለማን፣ ምን እንዲያደርግ። ከዚያ ሦስቱ መመዘኛዎች፤ ለምን ያምኑኛል? ምን ይሰማቸዋል? ምክንያቴ ምንድን ነው?

የሳምንቱ የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። በየቀኑ የምታልፉበትን፣ ግን ቆማችሁ ያላያችሁትን አንድ ነገር ምረጡ፤ የምግብ አዳራሹን ሰልፍ፣ የታክሲውን ወረፋ፣ የዶርማችሁን መብራት። 10 ደቂቃ አፍስሱበት። ከዚያ ስለ ጉዳዩ የሚያውቅ አንድ ሰው ጠይቁ። በመጨረሻም "አይሆንም" ሊባልበት የሚችል አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። አንድ ብቻ። የቅኔ ቤት ልጅም የሚጀምረው ከሁለት ቤት ነው።

(ሙዚቃ ከሥር ቀስ ብሎ ይገባል)

መምህሬ በቀይ የጻፉልኝን ጥያቄ ታስታውሳላችሁ? "ይህን ለማን ነው የምትነግረው?" ይህን ዝግጅት ሳሰናዳ ከመጀመሪያው ቃል በፊት ለዚያች ጥያቄ መልስ ጽፌ ነበር። ወረቀቱ አሁንም ፊቴ አለ።

(የወረቀት ድምፅ)

እንዲህ ይላል፤ "ዛሬ ማታ፣ ሌላው ተኝቶ፣ ነጭ ወረቀት ይዞ ብቻውን ለተቀመጠ አንድ ተማሪ። መግቢያውን ትቶ 10 ደቂቃ እንዲያፈስ።"

ያ ተማሪ አንተ ከሆንክ፣ ወይም አንቺ ከሆንሽ፣ ሰዓቱን ያዙና ጀምሩ። ሳምንት እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማና ያበቃል)